አንድ ፊርማ ለሠላሳ ሁለት ሚኒባስ

መስከረም 12 ቀን

ለተወደድሽው የአክስቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል እላለሁ። ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከዚያ አገር ብርድ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። ያሳደገችሽ እናቴ ናትና ከራሴ በፊት የእሷን ሰላምታ ላድርስ፦ ጉንጭሽን ደጋግማ ስማሻለች። ጉልበቷ እምቢ ብሏታል፣ ድምጿም እየሳሳ መጥቷል፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሠላሳ ሁለቱንም አሮጌ መኪኖቹን ሊጥል ነው። ታውቂያቸዋለሽ፣ በየሳምንቱ ከሞት እያስነሳሁ ሃያ ሁለት ዓመት ያኖርኳቸው እኔ ነኝ። ከተማው የመሀሉን መስመር የሚሰጠው አየሩን ብዙ ለማይጎዳ መኪና ብቻ ነው ተብሏል። በዚህ የተነሳ አባላቱ ለሁለት ተከፍለው ይጨቃጨቃሉ። ግማሾቹ ቤንዚንም ባትሪም ያለው ሃይብሪድ ይሻላል ይላሉ። የቀሩት ደግሞ ቤንዚን የሚባል ነገር የማያውቅ ሙሉ ኤሌክትሪክ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ብለዋል። ሊቀ መንበሩ ጭቅጭቁ ሲመረው ወደ እኔ ዞረና፣ «ያቺ 'ቤንዚን' ትላት የነበረችው ዘመድህ የተማረችው ይኼንኑ አይደል እንዴ? እሷ ጽፋ የፈረመችበትን እንቀበላለን» አለ። ሁሉም ተስማሙ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሃይብሪድ ሞተር አለው፤ ሞተር ካለ እኔም አለሁ። ጥገናውን ለእኔ ሊሰጡኝ ቃል ገብተዋል። ሙሉ ኤሌክትሪኩን ከመረጡ ግን ሻጩ ኩባንያ የራሱን ሠራተኞች ይዞ ይመጣል፣ የእኔም ጋራዥ ይዘጋል። በስልሳ ዓመቴ ከደጅ ተቀምጬ መንገደኛ ልቆጥር ማለት ነው። ስለዚህ እውነቱን ጻፊ፤ እውነቱ ደግሞ ሃይብሪድ እንደሆነ አልጠራጠርም። በስልክ አይሁን፣ የስልክ ወሬ አይታመንም። በጽሑፍ፣ ከነፊርማሽ ይሁን።

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ።

ወንድምሽ፣
ደንበኞቼ ዛሬም ድረስ «ጆሮ» የሚሉኝ


ኅዳር 6 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የአክስቴ ጉልበትስ? ፈጣሪ ለሁለታችሁም ብርታቱን ይስጣችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም፤ ደብዳቤህን መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ነበር። «ቤንዚን» የሚለውን ሳነብ ደስታ አላነቀኝም።

ያንን ስም ያወጣህልኝ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ሁለት ዓመት ሙሉ የተፈታ የሞተር ዕቃ በቤንዚን ቆርቆሮ ውስጥ ሳጥብልህ ነው። እጄ ተልጦ እርሳስ መያዝ ሲያቅተኝ ደንበኞችህ ስሙን ወደዱት። ዛሬ የመኪና ጭስ በሚለካበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነጭ ጓንት አድርጌ ስቆም፣ አንዳንዴ ትዝ ትለኛለህ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ሰው ሁሉ ጭስ ማውጫ የሌለውን መኪና ንጹሕ አድርጎ ነው የሚያየው። ሙሉ ኤሌክትሪኩ ግን ገና አንድ መንገደኛ ሳይጭን፣ ያ ትልቅ ባትሪው ሲሠራ ብዙ ጭስ ወጥቶበታል። ያንን ለማካካስ ብዙ መንገድ መሄድ አለበት። የሃይብሪዱ ባትሪ ትንሽ ስለሆነች ይህ ሸክም ይቀልለታል፤ በሌላ በኩል ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ሲያቃጥል ይኖራል። የትኛው እንደሚበልጥ የሚወስነው መኪናው ቻርጅ የሚደረግበት መብራት ከየት እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ መልስልኝ። መብራታችሁ የሚመነጨው ከምንድን ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠፋል? አንድ ሚኒባስ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ምን ያህልስ ይቆማል? ደግሞ የሃይብሪድ ብልሽት የሚነበበው በኮምፒውተር ነው፤ አንተ ጋ አለ?

በስልክ ልጠይቅህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። የአክስቴ ጉልበት እንዴት ነው ስልህ «አዎ፣ ያገለገለ ነው ግን ይሠራል» አልከኝ። መስመሩ ነው መሰለኝ።

አክስቴን ሳምልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 10 ቀን

ለእህቴ፣

ሰላምታዬ እንደ አሸዋ ይብዛልሽ። ፈጣሪ ሥራሽን ያቅናልሽ። ደብዳቤሽን ለእናቴ አነበብኩላት፤ የቆርቆሮው ነገር ላይ ስደርስ ስትስቅ አየኋት። እኔም ሳቅሁ። ያ ቆርቆሮ ባይኖር ነጭ ጓንቱን ማን ያጠልቅልሽ ነበር? ምስጋና ስጠብቅ ወቀሳ ላክሽልኝ፤ ይሁን፣ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ።

መብራታችን የሚመነጨው ከኮረብታው ጀርባ፣ ጥቁር ናፍጣ ከሚነድበት ጣቢያ ነው። እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ነጭ ልብስ አጥበው አያሰጡም። ከግድብ የሚመጣ ሌላ መስመር ይዘረጋል ይሉናል፤ ምሰሶው ተተክሏል፣ ሽቦ ግን የለውም። ጣቢያው ራሱ ተሻሽሏል። ድሮ ሲያጓራ የኛን መስኮት ያንቀጠቅጥ የነበረው፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ጥሩ ባለሙያ አግኝቶ ይሆናል። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል። አንድ ሚኒባስ በቀን መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እጁን ያወጣ ሰው ባየ ቁጥር ስለሚቆም የቆመበትን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሃይብሪድ ፍሬን በያዘ ቁጥር ባትሪውን ይሞላል አይደል የሚባለው? እንግዲያው ለኛ የተፈጠረ መኪና ነው።

ኮምፒውተር ላልሽው፣ እሱ ለደንቆሮ መካኒክ ነው። እኔ ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፌ እጀታውን ወደ ራሴ ሳስጠጋ፣ ሞተሩ ኃጢአቱን ሁሉ ይናዘዝልኛል። ይኼን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ማኅበሩ የሚወስነው መጋቢት 1 ቀን ነውና ቶሎ በይ። ሁለት መኪና ለማወዳደር ይኼን ያህል ጊዜ ከፈጀብሽ፣ ያ ሰውዬ ሰባት ዓመት ደጅሽ ቆሞ ቆሞ ሌላ ማግባቱ አይፈረድበትም። እናቴ ይኼን አትጻፍባት ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ እውነት ደብቄ አላውቅም።

ፈጣሪ ያክብርሽ።

ወንድምሽ


ጥር 18 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እንኳን በጤና ቆየህልኝ። ፈጣሪ ለአክስቴ ረጅም ዕድሜ፣ ለአንተም የምትመኘውን ይስጥህ። ያ ሰውዬ ደህና ነው፤ መንታ ወልዷል። ስለ እሱ ስለተጨነቅክ ነው የነገርኩህ።

ስሌቱን ሠርቼዋለሁ። ጣቢያችሁ ባለበት ሁኔታ ሙሉ ኤሌክትሪኩ ጭሱን ከመንገዳችሁ አንስቶ ኮረብታው ጀርባ ላሉት ሰዎች ይሰጣቸዋል እንጂ አያጠፋውም። ዛሬውኑ ገዝታችሁ ዛሬውኑ ብትነዱት ሃይብሪዱ በጥቂቱ ይሻላል። የግድቡ መስመር በሦስት ዓመት ውስጥ ከደረሰ ግን ሙሉ ኤሌክትሪኩ ጥሎት ይሄዳል፤ መኪናው አሥራ ሁለት ዓመት ስለሚያገለግል ብልጫው ትንሽ አይደለም። ሽቦው እንደምትለው ከዘገየ ደግሞ ሃይብሪዱ እንዳሸነፈ ይቆያል። አየህ፣ ለአንተ ስል አላጠመምኩትም።

ገና ደስ አይበልህ። ይኼ ሁሉ የሚሆነው ሃይብሪዱ በደንብ ከተያዘ ነው። ነዳጅ የሚረጭበት ኖዝሉ የሚያፈስ፣ ማንም ሳያውቅለት ወራት የሚነዳ ሃይብሪድ ከምትጥሏቸው አሮጌዎች እኩል ያጨሳል፤ ያን ጊዜ ባትሪው ተጨማሪ ሸክም ብቻ ነው። ኮምፒውተር የለህም፤ ያለህ ጆሮህ ነው። እንግዲህ ለሠላሳ ሁለቱ ሚኒባሶች ፊርማዬን ሳስቀምጥ የምፈርመው ለጆሮህ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ ማጫወቻ ልኬልሃለሁ። ቁልፉን ስትጫነው ቀይ መብራት ይበራል። ሰባት ሞተሮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ደቂቃ፤ አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር መብራቱ ብልጭ ይላል። ከሰባቱ የአንዱ ኖዝል ያፈሳል። የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ። ካገኘኸው በማግሥቱ «ሃይብሪድ» ብዬ እፈርማለሁ።

አክስቴን ሳምልኝ።

እህትህ


የካቲት 3 ቀን

ለውድ እህቴ፣

ፈጣሪ የልብሽን መሻት ይፈጽምልሽ፤ ባለሽበት አገር ሞገስ ያድርግልሽ። እናቴ በጣም ናፍቃሻለች፣ ትስምሻለች።

ዕቃሽ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ነው የምጽፍልሽ። የጋራዡን በር ዘግቼ፣ ሰው ሁሉ ይውጣልኝ ብዬ፣ ብቻዬን አዳመጥኩት። አንደኛው ጤነኛ ነው። ሁለተኛው ዘይቱ አርጅቷል፣ ባለቤቱ ቋጣሪ ሰው መሆን አለበት። ሦስተኛው ትንሽ ይደክመዋል ግን ኖዝሉ ደህና ነው። አራተኛው ላይ መብራቱ ብልጭ ብሎ ሳይረጋ ሳቄ መጣ። ትክ፣ ትክ፣ ትክ ይልና አንድ ይዘላል፤ ከዘለለ በኋላ እንደማፏጨት ይለዋል። ከፊት ሲቆጠር ሁለተኛው ኖዝል ነው፤ ብትፈቺው ፍሳሹን አንገቱ ላይ ታገኚዋለሽ። ከአምስት እስከ ሰባት ያሉትን የጨረስኳቸው ለአንቺ ክብር ስል ነው። ይኼ ነው እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ ፈተና?

ስለዚያ ሰውዬ የጻፍኩት አልነበረብኝም። እናቴ ሳትሰማ አንድ መስመር ልጨምር ብዬ ነው እጄ የቀደመኝ። ይቅር በይኝ። የሚፈልገኝ ሰው እየቀነሰ ሲሄድ ምላሴ ይከፋል፤ ይኼን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ለሊቀ መንበሩ ነገሩ አለቀ ብዬዋለሁ። የጋራዡን በር ቀለም አስቀብቼ «ሃይብሪድ እንጠግናለን» ብዬ በትልቁ አስጽፌበታለሁ። ፊርማሽን እንደ ዝናብ ነው የምጠብቀው።

ክፉ አይንካሽ።

ወንድምሽ፣ ጆሮ


የካቲት 17 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ፈጣሪ የምታነበውን የምትችልበት ልብ ይስጥህ።

አራተኛው ላይ ድምፅ የለም። አንደኛውም ላይ፣ ሰባተኛውም ላይ የለም። ቤተ ሙከራችን ውስጥ ድምፅ የማያስገባ ክፍል አለ፤ በሩን ዘግቼ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ዝምታ ነው የቀዳሁልህ። በደጅህ የሚያልፈውን ማንንም ጠርተህ ብታስደምጠው «ይኼ ባዶ ነው» ይልህ ነበር። አንተ ግን በሩን ዘጋህ፣ ብቻህን ተቀመጥክ፣ የሚያፏጭ ኖዝልም ሰማህ።

የጠረጠርኩት በስልኩ ነው። ያረጋገጥኩት በጣቢያው ነው። ጣቢያችሁ ድምፁ አልጠፋም፣ ወንድም ጋሼ። ባለፈው ዓመት ሁለት ተጨማሪ ሞተር ነው የተተከለበት። የመንግሥት ሪፖርት ላይ አንብቤዋለሁ፤ የኮረብታው ሰዎች መተኛት አልቻልንም ብለው አቤቱታ አስገብተዋል። እናንተ ቤት መስኮቱ ዛሬም እንደሚንቀጠቀጥ አክስቴን ብትጠይቃት ትነግርህ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሰማያዊዋ የጭነት መኪና ሦስት ቀን ሙሉ አስቸግራችሁ፣ ከቆርቆሮዬ ብድግ ብዬ «ጋሼ፣ ሦስተኛው ቫልቭ ነው የሚያፏጨው» አልኩህ። ግቢው ሙሉ ሰው ነበር። «የሴት ጆሮ የሚሰማው ወሬ ነው፣ ወደ ቤንዚንሽ» አልከኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩን ፈታኸው፤ ሦስተኛው ቫልቭ ነበር። ለባለቤቱ እኔ በጆሮዬ አገኘሁት አልከው። እኔ ቆርቆሮው ጋ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። አንድ ቀን እንኳ፣ ለብቻችን ስንሆን እንኳ፣ «ልክ ነበርሽ» አላልከኝም።

ፊርማዬን በቀጥታ ለሊቀ መንበሩ ልኬዋለሁ። ሙሉ ኤሌክትሪክ ይሁን ብያለሁ። ምክንያቱንም አንድ በአንድ አስቀምጫለሁ፦ ሃይብሪዱ የሚሻለው የሚሰማው መካኒክ ካለ ብቻ ነው፤ የእናንተው መካኒክ ደግሞ ባዶ ቅጂ ላይ ብልሽት አግኝቷል። እንዲሰሙት ቅጂውን ጨምሬላቸዋለሁ።

ስሌቱ ልክ ነው። ማንም መሐንዲስ ቢያየው ከዚህ የተለየ አይልም። ለአየሩ ብዬ ነው ያደረግኩት ብልህ ግን ግማሹ ውሸት ይሆናል። ፖስታውን ሳሽገው ደስ ብሎኝ ነበር።

አክስቴን ሳምልኝ።

እህትህ


ግንቦት 11 ቀን

ለእህቴ፣

በጤና ያለሽ እንደሆነ እሰየው።

ደብዳቤሽ የዘገየ መልስ ነው የሚያገኘው፤ የሆነውን ልንገርሽ። ለሊቀ መንበሩ የላክሽው ቀድሞ ደረሰ። የእኔው የመጣው ከስብሰባው በአራተኛው ቀን ነው።

መጋቢት 1 ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሊቀ መንበሩ ቆሞ ወረቀትሽን አነበበ። የሰው ከንፈር ማንበብ ለምጃለሁ፤ እሱ ግን ዓይኑ ስለደከመ ወረቀቱን አፉ ድረስ አስጠግቶ ነው የሚያነበው። ምንም አላየሁም። ከዚያ ያንቺን ማጫወቻ የመሰለ ዕቃ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ቀዩ መብራት በራ። ፈተናውን እንዳለፍኩ እያሳያቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ መብራቱን ያያል። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

ተነሣሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሣኋቸው። «አላሳፍራችሁም» አልኳቸው። «ይህችን ልጅ በዚህ ግቢ ነው ያሳደግናት፣ የእጇን ሙያ ያየችው ከእኔ ነው» አልኩ። ያጨበጨበ አልነበረም። ከኋላ አንድ ሹፌር ዓይኑን ሲጠርግ አየሁትና ደስታ መሰለኝ። ሊቀ መንበሩ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ፣ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ነገር ነገረኝ። እሺ አልኩት። አራት ቀን ሙሉ ሃይብሪዶቹ የሚቆሙበትን ቦታ ስጠርግ ከረምኩ፤ የሚነግረኝ ጠፋ። ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ፤ ምን ብዬ እሺ እንዳልኩ ከእሱ ተረዳሁ።

ስሌትሽ ልክ ነው፣ በዚህ አልከራከርሽም። ጆሮዬ እምቢ ካለኝ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ መደገፍ ትቼ በጥርሴ ነክሼ ነበር የምይዘው፤ የሞተሩ ንዝረት በአጥንቴ ይነግረኝ ነበር። ግማሹን እንጂ ሁሉን አይነግርም። ማጫወቻሽንም ነክሼዋለሁ። አልተንቀጠቀጠም። የራቀ ነገር ነው የተቀዳው አልኩና የሆነ ቁጥር ጻፍኩልሽ። በእኔ እጅ ቢሆኑ መኪኖቹ ያጨሱ ነበር። ይኼን በአንድ መስመር ለብቻዬ ብትጽፊልኝ ኖሮ፣ ጋራዡን ራሴ እዘጋው ነበር። አታምኚኝ ይሆናል። እኔም አንዳንድ ቀን አላምነኝም።

ሠላሳ ሁለቱ ባለፈው ሳምንት ገቡ። ሁሉም ነጭ ናቸው። በደጄ ሲያልፉ ማንም አይሰማቸውም፤ በዚህ ከሰው እኩል ሆኛለሁ። መንገዱ ላይ ጭስ የለም። ከኮረብታው ጀርባ የሚወጣው ግን ወፍሯል፣ ከጓሮአችን ይታያል። ለሥራሽ ይጠቅምሽ እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍኩት።

አሁን የእናቴ ነገር። ፊደል ስለማታውቅ ደብዳቤዎችሽን የማነብላት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ የሚያሳዝናትን እየዘለልኩ ነበር የማነበው፣ የአንቺንም የእኔንም። ይኼኛውን ግን ከሰላምታው እስከ ፊርማው አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩላት። ስጨርስ ከንፈሯን ልከተለው በማልችለው ፍጥነት ብዙ ተናገረች። ስለ አንቺ ነው፤ ስምሽን ስትጠራ ከንፈሯን አውቀዋለሁ። ድምጿ የሳሳ ነው ብዬሽ ነበር፤ እኔ ነኝ እንጂ እሷስ ምንም አልሆነችም። ድገሚልኝ አልኳት፣ እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ጎረቤት ጠርቼ ይጻፍልሽ አልኳት፣ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ስምሽን አንሥታ አታውቅም፤ ፖስተኛው ሲመጣም ቀና አትልም።

ሰላምታዋን ያልጻፍኩት ልካልሽ ይሁን አይሁን ስለማላውቅ ነው። የተናገረችው ምርቃት ይሁን እርግማን ልነግርሽ ብችል ደስ ባለኝ ነበር። አልሰማሁም።

ወንድምሽ